ብስክሌቶቹን ያሰርኩበት ጠፍር

በዚያን ጊዜ እጄ ከአፌ ይቀድም ነበር። ሰው ነገሩን ሳይጨርስ እመታዋለሁ፤ ምን ሊል እንደነበር የማስበው ከመታሁት በኋላ ነው። ሆሳዕና ውስጥ ግድግዳ ያስደገፍኳትን ብስክሌቴን አንስቶ ወደ ጎን ያስጠጋ አንድ ተሸካሚ በቡጢ ብዬ ሁለት ጥርሱን አናግቼበታለሁ። ሰውዬው ጎማዋን ከፀሐይ ሊያሸሽልኝ ነበር አሉ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ይህን የማወራው ልፎክርበት አይደለም፤ ቀጥሎ የምናገረውን ነገር ሌላ ሰው ያደረገው እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ከአንድ የዓይን ሐኪም ዘንድ ድሬሰር ሆኜ ቁስል አጥባለሁ፣ ጠብታ እጨምራለሁ፣ አስተረጉማለሁ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ከሆሳዕና እየተነሳ በአንጋጫ፣ በዱራሜና በዳምቦያ ገበያዎች ይዞራል። ላንድሮቨሩ ከኋላው ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ይጎትት ነበር፤ ውስጧ አልጋ፣ የመድኃኒት ሣጥንና የመነጽር መሳቢያ አለ። ዳምቦያ ላይ መጀመሪያ ያዩዋት ገበያተኞች መኪናው ወለደ ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ስሟ "ጥጃዋ" ሆነ፤ እኛም በሌላ ስም ጠርተናት አናውቅም።

መኪና ወደማይገባባቸው መንደሮች በብስክሌት ነበር የምንሄደው። ሁለት ብስክሌት አለን፤ አንዷ የእኔ፣ ሌላዋ ሐኪሙ ከአገሩ ያስመጣት፣ ማርሽ ያላት፣ ከሰው አብልጦ የሚሳሳላት። እነሱን መጫን፣ ማሰርና ማውረድ የእኔ ሥራ ነው። ቀላል ሥራ ይመስላል። እንደዚያ የሚመስለው ግን ሁለት ብስክሌት ተጎታች ላይ ጭኖ ከሆሳዕና ዱራሜ ሄዶ ለማያውቅ ሰው ነው።

መጀመሪያ ጣራዋ ላይ አጋደምናቸው፤ የዛፍ ቅርንጫፍ መሪውን ያዘና ጣራዋ አብሮ ተቀደደ። ውስጥ አስገባናቸው፤ ፔዳሉ የመድኃኒት ሣጥኑን በስቶ ገባ፣ ጠርሙስ ተሰበረ፣ አልጋው በአዮዲን ተነከረ። በመጨረሻ ሐኪሙ ሆሳዕና ካለ መካኒክ ዘንድ ሄዶ ከውሃ ቧንቧ መስቀያ አሠራና ከጥጃዋ ኋላ በብሎን አስመታው። አሁን ደግሞ ኋላዋ ከበዳት። ከመኪናው ጋር የምትያያዝበት አፍንጫዋ ቀለለና ቁልቁለት ላይ ግራና ቀኝ ትወናጨፍ ጀመር። የውሃውን ጀሪካንና የመሣሪያ ሣጥኑን ወደ ፊት ስናዛውርላት ረጋች። የቀረው ማሰሩ ብቻ ነበር።

ከሱቅ በተገዛ ሲባጎ አሰርኳቸው። አንጋጫ ሳንደርስ ብረቱ ፈግፍጎ በጠሰውና የእኔ ብስክሌት ወደቀች፤ ቸርኬዋ ተጣመመ። ሐኪሙ መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ የተጣመመውን ጎማ ነቀለና ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረብኝ። ግንባሬ ተፈነከተ። አማርኛ የተማረው አዲስ አበባ ከአንድ ጨዋ መምህር ስለነበር ሲሳደብ እንኳ ከአክብሮት አይወርድም።

"እርስዎ አህያ ነዎት" አለኝ። "ሁለተኛ ብስክሌት ከወደቀ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ።"

ደሜን በእጅጌዬ እየጠረግኩ እሺ አልኩት። ቤቴ ማለት ዳምቦያ አጠገብ ያለው የአባቴ እርሻ ነው። እዚያ ሦስት ታላላቅ ወንድሞች አሉኝ፤ ለአራተኛ የሚተርፍ መሬት የለም። ነጭ ጋዋኔን ለብሼ ገበያ መሐል ስቆም፣ ልጅ ሆኜ ያባርሩኝ የነበሩ ሽማግሌዎች "ወንድሜ፣ እኔን አስቀድመኝ" እያሉ ሲለማመጡኝ፣ ሰው የሆንኩ የሚመስለኝ ያኔ ነበር። ያን ጋዋን ከማወልቅ የማላደርገው ነገር አልነበረም። በኋላም አሳየሁ።

በእኛ አገር የማይበጠስ ማሰሪያ ጠፍር ነው፤ አልጋ የሚወጠረው፣ ሞፈርና ቀንበር የሚያያዘው በእሱ ነው። ጠፍር ደግሞ የሚገኘው ከቆዳ ፋቂ እጅ ነው። ቆዳ ፋቂ ከሰው ጋር አይበላም፣ ሰው ቤት አይገባም፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ ይጣራል። ውሃ ከጠማው በእንሰት ቅጠል ይሰጡትና ቅጠሉ ይጣላል። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ከእነሱ ደጅ ውሃ ጠጥቼ ብመጣ አባቴ ጀርባዬ እስኪተለተል በአለንጋ ገረፈኝ፤ እሱ ሲደክመው እናቴ ተቀብላ አፌን በአመድ ፈተገችኝ። ጸሎት ቤት ሁላችን የአንድ አባት ልጆች ነን እያልን እንዘምር ነበር። ቆዳ ፋቂዎቹም አብረውን ይዘምራሉ፤ ከበሩ ውጭ ተቀምጠው። ይህ ለምን ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ዳምቦያ ገበያ ዳር፣ ከሾላው ሥር የሚቀመጠው ቆዳ ፋቂ በአባቴ ዕድሜ ነበር። እሱ "ጌታዬ" ይለኛል፣ እኔ "አንተ" እለዋለሁ። ጠፍር እንደምፈልግና ለምን እንደሆነ ስነግረው ከመስጠቱ በፊት ጥያቄ አበዛብኝ። መንገዱ ስንት ሰዓት ይወስዳል? ዝናብ ላይ ትሄዳላችሁ? ብረቱ ሹል ነው? አንድ ቆዳ ፋቂ መርማሪ ሆኖብኝ ደሜ ፈላ። እሱ ግን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ጥሬው ጠፍር እርጥቡን ታስሮ ሲደርቅ ይኮማተርና ይነክሳል፤ ዝናብ ካገኘው ግን ይለቃል። ዝናብ የማይፈራው በቅቤ የለፋው ነው። የለፋ ለጊዜው የለውም፣ ሊሠራልኝ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። እስከዚያ ጥሬውን እንድወስድ፣ ደመና ባየሁ ቁጥር ግን ከላይ የቃጫ ገመድ እንድጨምርበት መከረኝ። ከእንሰት የሚወጣው ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ይጠብቃል፤ ጠፍሩ ሲከዳ እሱ ይይዛል። የለፋውን እንዲሠራልኝ አዘዝኩና ጥሬውን ወሰድኩ።

እዚያው ቢቀር ደግ ነበር። እኔ የሐኪሙን ብስክሌት መስቀያው ላይ ለማቆም ስታገል ከኋላዬ መጣ፤ አንድ ጥቅል ቃጫ በክንዱ ይዟል። አልሆን ሲለኝ አይቶ እጁን ሰነዘረና የጥጃዋን ብረት ያዘ። ሊያግዘኝ ነው። ተሰልፈው ከተቀመጡት በሽተኞች መሐል አንዲት አሮጊት ብድግ አለች፤ እሱ ወደነካው ቤት እኔ አልገባም ብላ ነጠላዋን ሰበሰበች። ሌላም ተነሳ። እጄ ላይ የብስክሌቱ ፖምፓ ነበር። ክንዱን መታሁት። እጁን ከብረቱ ሲያነሳ ደግሞ ትከሻውን ደገምኩለት።

ስድስት ሰባት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄደ፣ ቃጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ ሆኖ እጆቹን አየር ላይ እያንቀሳቀሰ ያስተምረኝ ጀመር። የአንዷ የፊት ጎማ ከሌላዋ የኋላ ጎማ ጋር ይግጠም። ፔዳሉ በጆንያ ይጠቅለል። የሚታሰረው ጎማው ሳይሆን አካሏ ነው፣ ጎማ ይዞራል። ጠፍሩ ሁለት ጊዜ ይዙር፣ ቋጠሮው ከላይ ይሁን። የመታሁት ክንዱ ያብጥ ጀምሮ ነበር፤ በዚያው ክንድ ነበር የሚያሳየኝ። ያላየሁት መስዬ እያየሁ ያለኝን ሁሉ አደረግኩ።

ጠፍሩን ገዝቼዋለሁ፣ የእኔ ነው። ቃጫው ግን ስጦታ ነበር፤ ከቆዳ ፋቂ ደግሞ ስጦታ አይወሰድም። በሽተኞቹ እያዩኝ በእግሬ ገፍቼ ቦይ ውስጥ ከተትኩት። አሮጊቷ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሦስት ሳምንት ዝናብ አልዘነበም። ጠፍሩ ደርቆ ብስክሌቶቹን እንደ ጥርስ ነከሳቸው። ሐኪሙ በየጠዋቱ በሁለት እጁ ይነቀንቃቸውና ንቅንቅ አይሉም፤ እኔን አይቶ ፈገግ ይላል። ዱራሜ ሻይ ቤት ተቀምጬ ብስክሌት አስተሳሰር የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር ቢኖር እኔ ነኝ ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

ከዱራሜ ወደ ዳምቦያ የምንመለስበት ቀን ሐምበሪቾ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ደመና ለብሶ ነበር። አየሁት። መውጫው ላይ አንዲት ሴት ቃጫ ደርድራ ትሸጣለች፤ እሷንም አየሁ። መኪናውን አስቁሜ አንድ ጥቅል ብገዛ ሁሉም ነገር ይቀር ነበር። ግን ከገዛሁ ያ ሰውዬ ልክ ነበር ማለት ነው፤ በፖምፓ የመታሁት ሰው ልክ እንዲሆን አልፈለግኩም። እንዲሁ በእልህ አለፍኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደ። ዳምቦያ ገበያ ከሚታይበት ቁልቁለት ስንደርስ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ እኔ ከሐኪሙ ጎን ተቀምጬ ዓይኔ ከመስታወቱ አልተነቀለም። መጀመሪያ የእኔ ብስክሌት የፊት ጎማ ዝቅ ብሎ መሬት ሲነካ አየሁ። ብስክሌቷ ተንሸራታ ዞረችና ፔዳሏ ጥጃዋ ጎማ ውስጥ ተሰነቀረ። ጥጃዋ ዘለለች። የሐኪሙ ብስክሌት ተስፈንጥራ ወደቀች፤ ጥጃዋ ወደ ግራ ተወርውራ የላንድሮቨሩን ቂጥ ይዛ ጎተተችና የወደቀችው ብስክሌት ላይ በጎኗ ተጋደመች። ሐኪሙ ፊቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። የአፍንጫው አጥንት ሲሰበር ሰማሁ።

ወረድን። የመነጽሮቹ መሳቢያ ተበትኖ ጭቃው ላይ ብርጭቆ ያብለጨልጫል። ማርሽ ያላት ብስክሌት ጥጃዋ ሥር ታጥፋለች። ገበያተኛው ዱላውን እንደያዘ ዳገቱን እየሮጠ መጣ። ሐኪሙ ደሙ በአገጩ እየወረደ መስቀያው ላይ የተንጠለጠለውን ጠፍር ያዘ። አብጦ፣ ለስልሶ፣ እንደ አንጀት ተዝለግልጓል።

"ይህን ማን ነው ያሰረው?" አለ።

እኔ ነኝ ያሰርኩት ማለት ነበረብኝ። ከጋዋኔ ሌላ ምንም አልታየኝም።

"ቆዳ ፋቂው የበሰበሰ ጠፍር ሸጦልኝ ነው" አልኩት በአማርኛ። ቀጥዬ በከምባትኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "እጁንም ጥጃዋ ላይ አሳርፏል" አልኩ። የመጀመሪያው ለሐኪሙ ነበር። ሁለተኛውን ያልኩት ለገበያተኛው ነው፣ ምን እንደሚያደርግም አውቅ ነበር።

ወዲያው ዞሩ። ጥቂቶቹ ይህቺ ቤት ዓይናቸውን ያበራችላቸው ሰዎች ናቸው። እኔም አብሬ ሮጥኩ፤ ላስቆማቸው ነው የምሮጠው ብዬ ለራሴ እነግረው ነበር። ቆዳ ፋቂው ከሾላው ሥር ቆዳ ወጥሮ እየፋቀ ነበር። እግሩን በዱላ ጠልፈው ጣሉት። ቆዳውን የወጠረበትን ካስማ ነቅለው በዚያው ደበደቡት። አንዱ ሆዱን ረገጠው፣ ሌላው ጭንቅላቱን በድንጋይ ፈነከተው፤ ሚስቱ ልትሸፍነው ስትወድቅበት የእሷንም ፀጉር ዱላ ላይ ጠምጥመው ጎትተው ወዲያ ጣሏት። ማንም በእጁ አልነካውም። የመታው ሁሉ በዱላ፣ በድንጋይ ወይም በጫማ ነው።

እኔ ስደርስ መንገድ ለቀቁልኝ። የተበደለው እሱ ነው፣ ለእሱ ተዉለት አሉ። ካስማው እጄ ላይ ተቀመጠ። ሰውዬው ተንበርክኳል፣ ከጆሮው ደም ይወርዳል። ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ የለበትም፤ ሥራው ለምን እንደተበላሸ ግራ የገባው ባለሙያ ፊት ነው።

"ቃጫውን ጨምረውበት ነበር ጌታዬ?" አለኝ።

አጠገቡ የነበሩት ሰምተዋል። ሁለት ሦስቱ መልሴን ሊሰሙ ወደ እኔ ዞሩ። ካስማውን አነሳሁ። ፊቱን ሊከልል ቀኝ እጁን ከፍ ሲያደርግ በሙሉ ኃይሌ አሳረፍኩበት። ተናድጄ አልነበረም። በሕይወቴ ሰው የመታሁት ብዙ ነው፤ ሳልናደድ የመታሁት እሱን ብቻ ነው። ዝም እንዲል ፈለግኩ፣ ዝም አለ።

ሐኪሙ በአንድ እጁ አፍንጫውን ይዞ በሌላው ሰዉን እየደሰቀ ደረሰ። የሰውዬውን እጅ አየና ካስማውን ከእጄ ነጥቆ ወረወረው። ይሸከሙት አለኝ። ተሸከምኩት። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ እንዳልነካው የተከለከልኩት ሰው ደረቴ ላይ ነበር፤ ከበደኝ፣ የቆዳና የቅቤ ሽታ አለው። ወንዶቹ ጥጃዋን ገፍተው አቁመዋት ነበርና ውስጥ አስገብቼ አልጋው ላይ አጋደምኩት። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ያጉረመርማል፤ ዱላቸውን አላስቀመጡም።

ሐኪሙ እጁን ማቃናት ጀመረ። ክንዱን የምይዝለት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። ሦስት አጥንት ተሰብሯል። አጥንቱ ሲገጣጠም የሰውዬው ሰውነት በሙሉ ተንዘፈዘፈ፣ ጥርሱ ከንፈሩን በሳው። ከዚያ በከምባትኛ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል፣ ተናገረ።

"ዝናብ ሲመጣ ቃጫ ይጨመርበት ብዬ እንደነበር ለሐኪሙ ይንገሩልኝ። የእጄ ነገር ይቅር። ጠፍሬ ክፉ ነው እንዳይባል ነው።"

ሐኪሙ ቀና አለ። "ምን ይላል?"

"አመመኝ ነው የሚለው" አልኩ።

ሐኪሙ አዎ፣ ያማል ብሎ ራሱን ነቀነቀና ፋሻውን ጠቀለለ። ሲጨርስ ቆዳ ፋቂው ጤነኛ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እግዜር ይስጥልኝ" አለው፤ ከእኔ በጠራ አማርኛ። ዕድሜውን ሙሉ ቆዳውን ሆሳዕና ላሉ የጉራጌ ነጋዴዎች ሲያስረክብ የኖረ ሰው ነው። ያልኩትን ቃል በቃል ሰምቷል። እውነቱን በራሱ አፍ መናገር ይችል ነበር፤ ግን በሩ ላይ ዱላ የያዙት ሰዎች ጎረቤቶቹ ናቸው፣ እኛ እንሄዳለን፣ እሱ እዚያው ይቀራል። ይህን ያሰላው በዚያች ቅጽበት ነው። አፈርኩ። ያፈርኩትን ያህል ግን እንዳይናገር ፈራሁ፤ ፍርሃቱ በለጠ።

ሐኪሙ አላባረረኝም። የበሰበሰ ጠፍር የተሸጠለት ሰው ምን ጥፋት አለበት? ጥጃዋ ሆሳዕና ተጠገነች፣ ከአገሩ ሌላ ብስክሌት አስመጣ። ዳምቦያ በተመለስን ጊዜ ሾላው ሥር ማንም አልነበረም። ጣቶቹ ታጥፈው ቀርተዋል፣ መፋቂያ መያዝ አልቻለም አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ መጣች። ፀጉሯ የተነቀለበት ቦታ ገና አልሞላም። ከጥጃዋ ስድስት ሰባት እርምጃ ያህል ርቃ ቆመችና አንድ ጥቅል መሬት ላይ አስቀመጠች። በቅቤ የለፋ፣ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ የሚያምር ጠፍር ነው፤ በላዩ ላይ ቃጫ ተጠቅልሎበታል።

"ያዘዙት ነው" አለችኝ። "እሱ ጀምሮት ነበር። የቀረውን እኔ አለፋሁት።"

ይህን ብላ ሄደች። ይቅርታ ማለት የምችልበት ጊዜ ያ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጠፍሩንም ቃጫውንም አነሳሁ። የአንዷን የፊት ጎማ ከሌላዋ የኋላ ጎማ ጋር ገጠምኩ፣ ፔዳሉን በጆንያ ጠቀለልኩ፣ አካላቸውን ሁለት ጊዜ አዙሬ አሰርኩ፣ ቋጠሮውን ከላይ አደረግኩ፣ ቃጫውን ጨመርኩበት። በዚያ ጠፍር ስምንት ክረምት ሄድን፤ አንድም ብስክሌት አልወደቀም።

ያን ቀን ማታ ሆሳዕና እስክንገባ ዘነበብን። ሐኪሙ ወርዶ እየፈራ ወደ ኋላ ሄደ፣ ብስክሌቶቹን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀ። ንቅንቅ አላሉም። ጠፍሩን በጣቱ ዳሰሰው።

"ይህን ማን ነው ያሰረው?" አለ።

"እኔ ነኝ ያሰርኩት" አልኩት።

"እርስዎ ጎበዝ ነዎት" አለና ቀኝ እጄን ጨበጠኝ።